የ14 ዓመት ልጄን ከአዋቂዎች ጋር ያስሮጧታል፤ ላስወጣት ወይስ ልተዋት?

የጠባሴው አናጢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ስፖርት ብዙም አላውቅም፤ የምታውቁ ምከሩኝ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል። የታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ ገብታ ትሮጣለች። ጨው ግዢ ብዬ ሱቅ ስልካት እንኳ በእርምጃ ሄዳ አታውቅም። አሰልጣኟን ጎበዝ ነው ይሉታል፣ እኔም ክፋት አላየሁበትም። ግን ከመስከረም ወዲህ ከክለብ ሯጮች ጋር ቀላቅሏታል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትወጣለች። የኅዳርን ውርጭ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። አስፋልቱን ይዘው ወደ ቻቻ ነው የሚሮጡት፣ ሲኖትራኩ በጎናቸው እየበረረ። በሳምንት ሁለት ቀን ኢንተርቫል የሚሉት (በፍጥነት ሮጦ፣ ትንሽ አርፎ፣ ደግሞ መሮጥ)፣ ቅዳሜ ደግሞ ረጅሙ። ማታ ደብተሯ ላይ ተኝታ ነው የማገኛት።

አሁን ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ እብጠት ወጥቶባታል። ስነካው ጥርሷን ትነክሳለች። ለአሰልጣኙ ብነግረው «ሯጭ ሳያመው አይሮጥም፣ ትለምደዋለች። የዞን ውድድር ስለደረሰ እንዳትቀር» አለኝ። በዚያው «ዕድሜዋን 12 ብናደርገው ይሻል ነበር» ሲለኝ ዝም አልኩት። እናቷ አውጣት ትላለች። ልጅቷ ደግሞ ሩጫ ይቅር ሲባል ሁላችንንም ታኮርፋለች። ምን ላድርግ?

የቻቻ ልጅ፦

ጋሼ፣ እንዳያስወጧት! እዚህ አገር ለድሃ ልጅ የተከፈተ በር ስንት ነው? ክለብ ከገባች ደመወዝ አለ፣ ትጥቅ አለ። የኛው ሰሜን ሸዋ ልጅ ፀጋዬ ከበደ ገራር በር ላይ እንጨት ሲለቅም አድጎ አይደል የለንደን ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈው? ኖርዌያዊውን ሯጭ ያኮብ ኢንገብሪግትሰንንስ አባቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሠልጥኖት አይደለም እንዴ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነው? ሳይለፋ የበላ የለም።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦

መንዝ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት ሯጭ ነበርኩ፣ ስሜን ግን የሚያውቀው የለም።

የቻቻው ወንድሜ፣ ፀጋዬ ቤጂንግ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲያገኝ 21 ዓመቱ ነበር። እንጨት መልቀም እግር ያጠነክራል፣ ኢንተርቫል ግን አይደለም። ሌላም የሸዋ ልጅ ልጥቀስልህ። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከመንዲዳ ብዙም በማይርቀው ጃቶ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ 28 ዓመቱ ነበር። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውም ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ነው፣ በ14 ዓመቱ አይደለም። ኢንገብሪግትሰን አንድ ሰው ነው። በዚያው መንገድ ሄደው የቀሩት ልጆች ስም የት ተጽፏል? ከዚያው አገር የወጣው መሰናክል ሯጭ ዋርሆልም ደግሞ በ2013 (በፈረንጆቹ) የታዳጊዎች ዓለም ሻምፒዮን የሆነው በስምንት የውድድር ዓይነት ድምር ነው። ዘለለ፣ ወረወረ፣ ሮጠ። 400 ሜትር መሰናክልን በ45.94 ሰከንድ የሮጠው ከስምንት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። አሰልጣኙን ክፉ አትበለው ወንድሜ። እኔ ጥፋቱን የማየው ከሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ሪፖርት ሲያቀርብ «ስንት ሜዳሊያ?» ነው የሚባለው። «ከሦስት ዓመት በፊት ከመለመልካቸው ልጆች ስንቶቹ አሁንም ይሮጣሉ?» ብሎ የጠየቀ አለቃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሜዳሊያ ካልመጣ ኳስና ቱታ አይሰጠውም። ስለዚህ ዛሬ የሚያሸንፍ ልጅ ይፈልጋል። የነገው የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ምልመላውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ስልሳ ልጅ ይሰለፋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ሜዳውን ሁለት ዙር ይሮጣሉ፣ ፊት የገቡት አሥሩ ስማቸው ይጻፋል። በቃ። ከአሥሩ ሰባቱ ጢም ያቆጠቆጡ ናቸው! በወረቀት ሁሉም 13 ነው። አንዱ ቀድሞ የጎረመሰ፣ አንዱ ዕድሜው የተቀነሰለት፣ አንዱ እውነተኛ 13። እውነተኛው 13 ኋላ ይቀርና «አትችልም» ይባላል። እሱ ቤቱ ገብቶ በግ ይጠብቃል። ቀድሞ የጎረመሰው ደግሞ 17 ሲሞላው ሌሎቹ ይደርሱበታል። ማሸነፍ ብቻ ስለሆነ የተማረው፣ መሸነፍ ሲጀምር ጫማውን ይሰቅላል።

እኔ ጋ ያሉት ከ15 በታች የሆኑት ሰዓት አይያዝላቸውም። ሣር ላይ ነው የምናሠራቸው፣ አስፋልት አይረግጡም። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ድንጋይ ላይ አጋድመን መሰናክል እናደርገዋለን። ይዘላሉ፣ ይወረውራሉ፣ ዱላ ይቀባበላሉ፣ አሯሩጦሽ ይጫወታሉ። ረጅሙን የሚሮጡት እያወሩ ነው፤ ወሬ ካቆሙ ፈጥነዋል ማለት ነው። ሰው ያላግጥብኛል፣ «መዋዕለ ሕፃናት ከፈትክ» ይሉኛል። ይበሉ። የምንኖረው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሳንባውን አገሩ ራሱ ይሠራዋል።

ዕድሜዋን ግን አታስነካ። ዛሬ 12 የተባለች ልጅ ነገ ፓስፖርት ስታወጣ ያው ቁጥር ይከተላታል። ከሷ ሌላ አንዲት እውነተኛ የ12 ዓመት ልጅም ቦታዋን ታጣለች። የዓለም አትሌቲክስ እንኳ ከ20 ዓመት በታች የሆነን ሰው በሻምፒዮና ማራቶን አያስሮጥም፤ በአገር አቋራጭም ከ20 በታች ሴቶች የሚሮጡት 6 ኪሎ ሜትር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንት ነው የምትሮጠው? ጠይቀውና ንገረን።

ሲስተር ከደብረ ሲና፦

ወንድሜ፣ የነገሩን እብጠት ኦስጉድ ሽላተር የሚባለውን ይመስላል፤ ሳይታይ ግን አይወሰንም። በዚህ ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ይረዝማል፣ የጭኑ ጡንቻ አይደርስበትም። ጅማቱ ከጉልበት በታች ገና ያልጠነከረውን አጥንት ይጎትተዋል። ሩጫና ዝላይ ሲበዛ ያብጣል። ብዙ ጊዜ ዕድገቷ ሲያበቃ ይተዋል፤ «ትለምደዋለች» ተብሎ ግን አይጫንበትም። ሕመሙ እስኪቀል ይቀነስላት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙላት። የምታነክስ ከሆነ፣ ሌሊት የሚቀሰቅሳት ከሆነ ወይም ሕመሙ ወደ ቅልጥሟ ከወረደ ሳትውሉ ሳታድሩ ራጅ ትነሣ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ እናቷ ለብቻ ትጠይቃት። የወር አበባዋ ጀምሮ ከነበረና ከጠፋ፣ የምትበላው ለሩጫው አይበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። ሳትበላ ወጥታ፣ ተመልሳ ሻይ በዳቦ በልታ ትምህርት ቤት ከሄደች አይሆንም። በሶ ጨብጡላት፣ እንቁላልና ምስርም አይቅር።

የቻቻ ልጅ፦

እሺ መምህር፣ ስለ አበበ ተሸንፌያለሁ። ግን ክለቦቹ እኮ በዞን ውድድር ነው የሚያዩአት። ቀርታ ሌላዋ ብትወሰድስ?

መምህር ከመሐል ሜዳ፦

ልትወሰድ ትችላለች። ጉልበቷ ከተበላሸ ግን ክለቡ ወስዶም ይመልሳታል፣ ያውም ያለ ትምህርት።

የጠባሴው አናጢ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ስንት እንደሚሮጡ ጠየቅኳት። «እስከ ቻቻ መዳረሻ ደርሰን እንመለሳለን» አለችኝ። እኔ በሚኒባስም ሩቅ ነው የምለው መንገድ ነው! ቅልጥሟንም ያማታል ለካ፣ ለእናቷ ብቻ ነው የነገረችው። ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን። ለዞኑ አትሄድም፣ ይሄ አልቋል። ያስቸገረኝ አሰልጣኙ ነው፤ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው? ጎረቤቴ ነው፣ ዕድርም አንድ ነን።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦

ራጁን ይዘህ ሂድ፣ ከነ ሐኪሙ ወረቀት። «ሐኪም ከልክሏታል» በለው እንጂ «አጠፋህ» አትበለው። ቀጥለህ ሲሻላት ከእኩዮቿ ጋር ሣር ላይ እንዲያሠራት ለምነው። በሽማግሌ ፊት ሳይሆን ብቻውን አግኘው። እንቢ ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆችን በዕድሜያቸው የሚያሠራ አንድ አብሮ አደጌ አለ።