ከመስመር ጋር የሚሠራ የቤት ሶላር፦ የትኛው ለየትኛው ቤት? (ጥቆማ)

«ለቤቴ ሶላር ላስገባ ነው፤ የማን ፓኔል ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሰፈራችሁ መብራት ይጠፋል ወይ? ሁለተኛ፣ ትርፍ ኃይላችሁን የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ይረከባል ወይ፣ ከተረከበስ በምን ሒሳብ? ምን ዕቃ እንደምትገዙ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ስለሚታይ ልብ ይስባል እንጂ፣ ደህና ስም ያላቸው አምራቾች ፓኔሎች ዛሬ ተቀራራቢ ናቸው። እኔ ብሆን ሐሳቤን ኢንቨርተሩ ላይ ነው የምጥለው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፓኔሉ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ያመነጫል። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ የሚሠራው በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው። ኢንቨርተሩ ዲሲውን ወደ ኤሲ ይለውጥና ከመስመሩ (ከድርጅቱ ከሚመጣው ኤሌክትሪክ) ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ጋር ያስማማዋል፤ እንደ አገሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ መጀመሪያ የሚሄደው ቤት ውስጥ ወደበራው ዕቃ ነው። የተረፈው በቆጣሪው በኩል ይወጣል። የጎደለው ከመስመር ይሞላል። ለምሳሌ ፓኔሎቹ 3 ኪሎ ዋት እየሰጡ የ2 ኪሎ ዋት ቦይለር ቢበራ፣ 1 ኪሎ ዋት ወደ ውጭ ይሄዳል። እዚያው ላይ የ1.5 ኪሎ ዋት ካውያ ቢሰካ፣ መውጣቱ ይቆምና ግማሽ ኪሎ ዋት ከመስመር ይገባል። የሚገለበጥ ማብሪያ የለም። ሁሉም በራሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚደነግጥበት ነገር። መብራት ሲጠፋ ተራው ኢንቨርተርም አብሮ ይጠፋል። ፀሐይ አናት ላይ ብትሆንም ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከእናንተ ጣሪያ በመጣ ኃይል እንዳይመታ ነው። የአሜሪካው አይትሪፕልኢ 1547 መስፈርት ኢንቨርተሩ በ2 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት እንዲያቆም ያዛል። ስለዚህ ሻጩ «ከእንግዲህ ጨለማ ቀረላችሁ» ካላችሁ፣ የሚሸጥላችሁ ዕቃ መብራት ሲጠፋ ለየትኞቹ ሶኬቶች ኃይል እንደሚሰጥ ጠይቁት። መልሱ ከተምታታ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ወደ ምርጫው እንግባ።

ስትሪንግ ኢንቨርተር

ፓኔሎቹ በተከታታይ ይያያዙና አንድ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ሳጥን ይወርዳሉ። ፍሮኒየስ፣ ኤስኤምኤ፣ ሰንግሮው፣ ሁዋዌ፣ ግሮዋት ሁሉም ይሠሩታል። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ ሲበላሽም ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ጣሪያችሁ ጥላ የማያርፍበት ከሆነ፣ መብራት የማይጠፋባችሁና ትርፉም በደህና ሒሳብ የሚያዝላችሁ ከሆነ፣ ሌላ አትፈልጉ። ይሄው ነው።

«አንድ ፓኔል ላይ ጥላ ካረፈ ሁሉም ይሞታል» የሚባለው ግን የተጋነነ ነው። እያንዳንዱ ፓኔል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባይፓስ ዳዮዶች አሉ። ጥላ ያረፈበትን ክፍል ዘለው ያልፋሉ፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ኪሳራው እውነት ነው፣ ግን ማይክሮ ኢንቨርተር የሚሸጥ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ጣሪያው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ሁለት ኤምፒፒቲ (ከፓኔሎቹ የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል እየተከታተለ የሚወስድ ክፍል) ያለው ስትሪንግ ኢንቨርተር ይበቃል፤ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ያስተዳድራል።

ማይክሮ ኢንቨርተር

እዚህ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኤንፌዝ ነው። በየፓኔሉ ሥር ትንሽ ኢንቨርተር ይገባል። ጣሪያ ላይ የተከማቸ ከፍተኛ የዲሲ ቮልቴጅ አይኖርም፤ ለእሳት አደጋ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የአንዱ ፓኔል ጥላም ሌላውን አይነካም። ጋራንቲው እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። ችግሩ ዋጋው ነው። አንዱ ሲሞት ደግሞ ፓኔል ነቅሎ መቀየር ይመጣል፤ ጋራንቲው ዕቃውን ሊተካ ይችላል፣ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው ሒሳብ ግን ሁልጊዜ አይከፍልም። ብዙ ትናንሽ ገጽ ላለው፣ የተቆራረጠና ዛፍ ለከበበው ጣሪያ እመክረዋለሁ። ለሰፊና ለጠራ ጣሪያ ትርፍ ወጪ ነው።

ኦፕቲማይዘር

የመሃል መንገድ ነው፤ በየፓኔሉ ሥር የሚገባ፣ የዚያን ፓኔል ኃይል ለብቻው የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ሲሆን ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚለውጠው ግን አሁንም አንድ ኢንቨርተር ነው። ሶላርኤጅ በየፓኔሉ ኦፕቲማይዘር አስገብቶ ከራሱ ኢንቨርተር ጋር ያሠራል። ጥሩ ይሠራል፣ ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጋብታችኋል ማለት ነው። ታይጎ የሚለየው ጥላ በሚያርፍባቸው ፓኔሎች ላይ ብቻ ሊገባ መቻሉና ከሌሎች ኢንቨርተሮች ጋር መግባባቱ ነው። የጭስ ማውጫ ጥላ ሁለት ሦስት ፓኔል ላይ ብቻ የሚያርፍ ከሆነ፣ ስትሪንግ ኢንቨርተር ገዝቶ እነዚያን ብቻ በታይጎ መያዝ ብልህ አካሄድ ነው።

ሃይብሪድ ኢንቨርተር

መብራት ለሚጠፋበት ቤት መልሱ ይህ ነው። ከመስመር ጋር ይሠራል፣ ባትሪም ያስተዳድራል፣ መስመሩ ሲሞት ቤቱን ከመስመሩ ይነጥልና ለተመረጡ ዕቃዎች ብቻውን ኃይል ይሰጣል። ዲዬ፣ ግሮዋት፣ ሰንግሮውና ሌሎችም አላቸው። ቪክትሮን በተለየ መንገድ ክፍሎቹን እየገጣጠመ ይሠራዋል፤ ወደድ ይላል፣ ግን መስመሩ በተናጋበት ቦታ ችሎ የሚሠራ ነው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ «ባትሪ ይቀበላል» ማለት «መብራት ሲጠፋ ይሠራል» ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሞዴል ባትሪ ተገጥሞለትም መስመሩ ሲጠፋ ይተኛል፤ ለዚያ ተጨማሪ ሳጥን ያስፈልገዋል። የባክአፕ መውጫ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መውጫ) አብሮ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ባትሪውን ዛሬ መግዛት ካልቻላችሁ ሃይብሪዱን ብቻ ገዝታችሁ ባትሪውን በኋላ ማምጣት ትችላላችሁ፤ እኔ ይህን መንገድ እወደዋለሁ። የፍሮኒየስ ጂን24 ደግሞ ያለ ባትሪም ቢሆን ፀሐይ እስካለ ድረስ በአንድ መውጫ እስከ 3 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ደመና ሲመጣ ይቆራረጣል። ስልክና ላፕቶፕ ለመሙላት ግን ደህና ነው።

ባትሪ ስትመርጡ

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ውሰዱ። ሙቀት ይችላል፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይፈሳል። ሊድ አሲድ ሲገዙት ይረክሳል፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። በየቀኑ ለሚሠራ ሥርዓት አልመክረውም።

ባትሪ ሁለት ቁጥር አለው። ሻጮች የሚያወሩት አንዱን ነው። ኪሎ ዋት ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኪሎ ዋቱ በአንዴ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይናገራል። 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ በአንዴ ግን 2.5 ኪሎ ዋት ብቻ የሚሰጥ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ፍሪጅ ያስኬዳል፤ ቦይለርና ካውያ አብረው ሲበሩበት ይዘጋል። ሌላው መግባባት ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በመረጃ ገመድ ይነጋገራሉ። የኢንቨርተሩ አምራች የሚቀበላቸውን ባትሪዎች ዝርዝር ያወጣል። የምትገዙት ሞዴል እዚያ ላይ ከሌለ፣ «ግዴለም ይሠራል» የሚል ሰው ሲበላሽ አታገኙትም።

ትርፉን ማን ይወስደዋል?

ኔት ሜትሪንግ ባለበት የሰጣችሁት ኃይል ከወሰዳችሁት ላይ አንድ ለአንድ ይቀነሳል፤ መስመሩ ራሱ ባትሪ ሆነላችሁ ማለት ነው። ኔት ቢሊንግ ባለበት ትርፋችሁ ከምትገዙበት ባነሰ ዋጋ ይታሰባል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ለ20 ዓመት የተቆረጠ ዋጋ ትከፍል ነበር፤ የቤት ሶላር በዚያ ተስፋፋ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ለአዳዲስ ደንበኞች ከኔት ሜትሪንግ ወደ ኔት ቢሊንግ ዞረች። ትርፍ ኃይል ዋጋው ሲወርድ፣ ገዢው ፊቱን ወደ ባትሪ አዞረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትርፋችሁ ጥሩ ሒሳብ የሚያስገኝ ከሆነ ብዙ ፓኔል፣ የማያስገኝ ከሆነ አነስ ያለ ፓኔልና ባትሪ። ባትሪም ከሌለ የልብስ ማጠቢያውንና ቦይለሩን ወደ ቀትር አዛውሩ፤ ነፃ ነው።

ጭራሽ የማይረከብ ድርጅት ካላችሁ ኢንቨርተሩ ወደ ውጭ እንዳይሰጥ ይገደባል። ይህን ሳታደርጉ፣ ሳታስፈቅዱም፣ በነበረው ቆጣሪ ላይ አታገናኙ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ አቅጣጫ አይለይም። ወደ ውጭ የሰጣችሁትንም እንደ ፍጆታ ይቆጥረዋል። ኃይል ሰጥታችሁ ትከፍላላችሁ።

ፓኔሉስ?

ጂንኮ፣ ሎንጂ፣ ትሪና፣ ጄኤ ሶላር፣ ካናዲያን ሶላር፤ ከነዚህ በአቅራቢያችሁ እውነተኛ ወኪል ያለውን ውሰዱ። ዛሬ የተለመደው ቶፕኮን የሚባለው የሴል ዓይነት ነው። ከሱ በፊት የነበረው ፐርክም አይጣልም።

መግለጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ዋት የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ሲሆን ነው። ጣሪያ ላይ የዋለ ፓኔል 65 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። የሙቀት ቅናሹን ከወረቀቱ አንብቡ። 440 ዋት የተጻፈበት ፓኔል በየዲግሪው 0.35 በመቶ የሚያጣ ከሆነ በ65 ዲግሪ 378 ዋት ገደማ ይሰጣል። 0.29 በመቶ የሚያጣው 389 ይሰጣል። ልዩነቱ 11 ዋት ነው። ለዚያ ብላችሁ እጥፍ አትክፈሉ። ከፓኔሉና ከጣሪያው መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተውም ይረዳል፣ እሱ ደግሞ ወጪ የለውም።

ጋራንቲው ሁለት ዓይነት ነው። የ25 ወይም የ30 ዓመቱ የምርት መጠን ጋራንቲ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ይጻፋል። የሚጠቅማችሁ ግን የዕቃው ጋራንቲ ነው፤ ውሃ ቢገባው፣ ሳጥኑ ቢቀልጥ የሚተካው እሱ ነው። ከ12 ዓመት በታች ከሆነ እለፉት።

ስንት ፓኔል እንደሚበቃ ለመገመት የዓለም ባንክ ግሎባል ሶላር አትላስ ወይም የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ ላይ ቦታችሁን አስገቡ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። 1 ኪሎ ዋት ፓኔል በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሰጥ ይነግሯችኋል። ሻጩ ከዚያ በጣም የራቀ ቁጥር ከጠራ ከየት እንዳመጣው ይንገራችሁ። የፓኔሎቹ ዋት ድምር ከኢንቨርተሩ አቅም በ20 ወይም 30 በመቶ ቢበልጥ አትደናገጡ፤ የተለመደ ነው።

የሚገጥመው ሰው

ከሦስት ቦታ ዋጋ አስወጡ፣ ግን የመጨረሻውን ድምር ብቻ አታወዳድሩ። እኔ በጣም የምጠብቀው አንድ ስሌት አለ፤ በብርድ ጠዋት ቮልቴጁ ስንት ይደርሳል? ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ክፍት ሲሆኑ (ኃይል ሳይወሰድባቸው) 38 ቮልት የሚሰጡ 15 ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ 570 ይሆናሉ። ከ600 ቮልት በላይ የማይችል ኢንቨርተር ይበቃል ትላላችሁ። ከ25 ዲግሪ በታች በየዲግሪው 0.25 በመቶ የሚጨምር ከሆነ ግን በ0 ዲግሪ ጠዋት 605 ያልፋል። ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ጋራንቲውም አይሸፍነውም። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ያላሳየ ሰው ጣሪያችሁ ላይ አይውጣ።

ሁለተኛው ኤምሲ4 የሚባለው የፓኔል ገመዶች መጋጠሚያ ነው። ሁሉም ተመሳስሎ ይገጥማል፣ ጠቅ ይላል። የሁለት አምራች ወንድና ሴት ተጋጥመው ግን ውስጣቸው በደንብ ካልተነካካ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ያስነሳል። ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ በመሣሪያው እንዲጨመቅ ጠይቁ። በፒንሳ የሚጨምቅ ካያችሁ አስቁሙት።

ሦስተኛው ትንሿ መለኪያ ቀለበት ናት። በዋናው ገመድ ላይ የምትታሰር፣ ላይዋ ላይ ቀስት ያለባት። ተገልብጣ ከታሰረች መውጫውን መግቢያ ብላ ትነግራችኋለች። ኃይል ወደ ውጭ እየሄደ ባትሪው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ቀትር ላይ ሁሉን ዕቃ አጥፉና የኢንቨርተሩን የስልክ አፕ እዩ፤ «ከመስመር እየገባ ነው» ካለ ቀለበቷ ተገልብጣለች።

የመጨረሻውን ክፍያ ሳትሰጡ ዋናውን ብሬከር ፊታችሁ ያውርዱት። ስትሪንግ ከሆነ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሃይብሪድ ከሆነ ፍሪጁ መቀጠል አለበት። ከዚያ የአፑን አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል አስከፍቱ። በገጣሚው ስም የተከፈተ አካውንት እሱ ሥራ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል፣ እናንተም የገዛ ጣሪያችሁን ቁጥር ለማየት ስልክ ስትደውሉ ትከርማላችሁ።