የአባቴን ካሴቶች ቴሌግራም ላይ ልልቀቃቸው?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሁለት ካርቶን ካሴት ትቶልን አረፈ። ቆጠርኳቸው፤ 84 ናቸው። ሽፋናቸው ላይ የገዛበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ካሴት ለሰው ሲያውስ ደብተር ላይ ይመዘግብ ነበር። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ከ2,000 በላይ ዘፈን አለኝ፤ አንዱንም አልገዛሁም። ስልኬ ሲበላሽ ሁሉም ጠፋ። በሁለት ቀን ከቴሌግራም መልሼ ሞላሁት፤ ቅርም አላለኝ። የአባቴ የአንዱ ካሴት ክር ሲበጠስ ግን አለቀስኩ።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ነው። ወንድሜ «ቻናል ከፍተሽ ልቀቂው፣ ዘፈን የሁሉም ነው» ይላል። እኔ አንጀቴ አልቆረጠልኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለቴፑ፦
መጀመሪያ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ጥረጊው። ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ሰክተሽ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቅጂ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። የተበጠሰውን እንዳትጥይው፣ ይቀጠላል። በተራ ስኮች ግን አይሆንም፤ ሙጫው ሄዱን ያበላሻል።

የሙዚቃ ቤቱ ልጅ፦
ሙዚቃ ቤት ሠርቻለሁ። ካሴት ሸጠን፣ ሲዲ ሸጠን፣ መጨረሻ ላይ ሥራችን ፍላሽና ሚሞሪ መሙላት ብቻ ሆነ። ደንበኛው «ያለህን ሁሉ ሙላልኝ» ይላል፤ የዘፋኙን ስም እንኳ አይጠይቅም። እኔም ሞላሁ። አንድ ቀን አንድ ዘፋኝ ገብቶ ገና የወጣ ሥራውን እኛ ኮምፒውተር ላይ አየው። ምንም ሳይናገር ወጣ። ፊቱ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ 410/1996፣ ለግልሽ አንድ ቅጂ ማድረግን አይከለክልም። ለሕዝብ መልቀቅ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ባለሥራው ከሞተ በኋላም መብቱ 50 ዓመት ይቆያል። እባክሽ አትልቀቂ።

ከቤይሩት፦
እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አማርኛ መጽሐፍ የምገዛበት ሱቅ አላገኘሁም። ማታ ማታ የማነበው የቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው፤ እሱ ባይኖር እንዴት እንደምችለው እንጃ። ደራሲዎቹ መክፈያ መንገድ ቢያሳዩኝ ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። እህቴ፣ ዛሬም የሚሸጡትን ተያቸው። የትም የሌሉትን ግን ካርቶን ውስጥ አታስቀሪያቸው፤ ባለቤቶቹን ፈልጊና አስፈቅጂ።

የሽሮሜዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለየኋቸው። 11ዱን የትም አጣኋቸው። ሽፋናቸው ላይ ያለውን የሙዚቃ ቤት ስም ይዤ ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። የአባቴንም ደብተር አገኘሁት። ሦስት ካሴት ሰው ጋ ቀርቷል።