ልጄ ራሷን የምታይባት ጀግና ከወዴት ትገኛለች?

እናት ከሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሰባት ዓመት ልጄ ጠጉሯ ከርዳዳ ነው። ባለፈው እሑድ ላበጥራት ስጠራት ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫፉን ወደ ኋላ እያዘናፈለች፣ «ልዕልት የምመስለው እንዲህ ስሆን ነው» አለችኝ። መልኳን የምትጋራ ጀግና ብታይ ይሻላት ይሆናል ብዬ፣ ቲያና የተባለች ጥቁር ልዕልት ያለችበትን በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የዲዝኒ ፊልም ከፈትኩላት፤ ቲያና የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል እንቁራሪት ሆና ስታሳልፍ አይታ «ለምን ሰው ሆና አትቆይም?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ልጆቻችሁን የጠቀማቸው ታሪክ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መምህርት ከአዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ልጅሽ እውነቷን ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረችውን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ተከታታይ ልትሞክሪላት ትችያለሽ፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖቹ የአገራችን ልጃገረዶች ናቸው። ያለዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ከባድ ጉዳዮችን ስለሚያነሣ ግን አስቀድመሽ ራስሽ ተመልከቺው። ደግሞም አንድ ፊልም ብቻውን ብዙ አይሠራም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ከቀለም በቀር ልዩነት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች ለጥቁር ሕፃናት ሲያቀርቡ አብዛኞቹ ነጩን መርጠው ነበር፤ ይህን የተማሩት በዙሪያቸው ከሚያዩትና ከሚሰሙት ነው። ስለዚህ ማበጠሪያው ሲይዝብን «አይ ይሄ ጠጉር!» የምንለውም ይቆጠራል። እኔም ብዬ አውቃለሁ።

አንዲት አንባቢ ከስቶክሆልም፦
እኔ ሹሪ የተባለችውን ጥቁር ልዕልት «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. ሳያት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደስ ያለኝ ማማሯ አልነበረም፤ ጠጉሯን ተሠርታ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ስትሠራና ንጉሡን ወንድሟን ስታበሽቅ፣ ስለ መልኳ የሚያጽናናት ሰው አለማስፈለጉ ነው። «አንቺም እኮ ቆንጆ ነሽ» ከሚሉ ታሪኮች ይልቅ እንዲህ ያሉትን ፈልጊላት። (ፔስትራዬን አልጣልኩትም፤ ለሰርግ አሁንም አወጣዋለሁ።)

አዛውንት ከጎንደር፦
ልጄ፣ ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ አንጫነው። በእኛም ተረትና ዘፈን ቆንጆዋ ስትወደስ ጠጉሯ ዞማ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ ብርሌ ነው። ስለዚህ ለልጅ ልጄ ተረት ስነግራት ጀግናዋን ባለ ጎፈሬ አደረግኋት፤ ሽፍቶች ቤቱን ሲበረብሩ የጎተራውን ቁልፍ ጎፈሬዋ ውስጥ ሸሽጋው ስለነበር ሳያገኙት ሄዱ። ጠጉሯ ሉጫ ቢሆን ኖሮ ቁልፉ እግራቸው ሥር ዱብ ይል ነበር።

እናት ከሜሪላንድ፦
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተረቱን ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ዛሬ «አታበጥሪኝ» ብላ፣ ሁለት እርሳስና አንድ ላጲስ ጎፈሬዋ ውስጥ ሸሽጋ ትምህርት ቤት ዋለች። ማታ እርሳሶቹን አወጣናቸው፤ ላጲሱን ግን እስካሁን እየፈለግን ነው።