የጦር ሬዲዮ ኦፕሬተር መሆን በእውነት ምን ይመስላል?

የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ጨርሻለሁ። ሥራ ስፈልግ ከረምኩና አሁን መከላከያ ለመግባት እያሰብኩ ነው። የሚስበኝ መገናኛ ነው፤ በተለይ ሬዲዮ። እናቴ «ቢሮ ቁጭ ብለሽ ከሆነ እሺ» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ሬዲዮ የያዘ ወታደር ነው ቀድሞ የሚመታው» ብሎ አስፈራርቷታል። የቱ ነው እውነቱ? ሥራው ላይ የነበራችሁ፣ ወይም ከቤተሰባችሁ የሠራ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውን ነው ማወቅ የምፈልገው።

የድሮው ኦፕሬተር

ልጄ፣ እናትሽም ጎረቤትሽም እውነታቸውን ነው። መምሪያ ከተመደብሽ ጣሪያ ሥር ትሠሪያለሽ። ከእግረኛ ጋር ከተመደብሽ ግን ሬዲዮው ጀርባሽ ላይ ነው፤ ከአዛዡም አትርቂም። ጠላት አንቴና ካየ አዛዡ እዚያው እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ስንንቀሳቀስ አንቴናውን በትከሻችን አሳልፈን ወደ ታች አጥፈን እናስረው ነበር። ድምፁ ይደክማል፣ ግን ሰው ይተርፋል።

እኔ በቀድሞው ሠራዊት ሰሜን ግንባር ነው የሠራሁት። አሁን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ቴፕና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ጥያቄሽን ያነበብኩት ሱቅ ሆኜ ነው፤ ደንበኛ አስጠብቄም ቢሆን ልመልስልሽ።

ሰው ኦፕሬተር ሲባል ተናጋሪ ይመስለዋል። ሥራው መስማት ነው። ፈረቃሽ በሙሉ አንድም ቃል ሳትናገሪ ሊያልቅ ይችላል። ሬዲዮ ዝምታ ከታዘዘ የመናገሪያውን ቁልፍ መንካት ክልክል ነው፤ መስማት ግን አይቆምም። ጆሮሽ ላይ ያለው ፉጨትና ጩኸት ነው። ማታ ማታ ከቀይ ባሕር ማዶ የዐረብኛ ጣቢያ ዘፈኑን ይዞ ይገባብሻል። ከዚያ ሁሉ ሥር አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቁጥር እየነገረሽ ነው። እሱን ለይተሽ መጻፍ አለብሽ።

ቁጥር ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰው ነፍስ ያለው እዚያ ነው። ሠላሳና ስልሳ በጩኸት ውስጥ አንድ ናቸው። «ሠላሳ ቁስለኛ» ብለሽ ብታስተላልፊና ስልሳ ቢሆኑ ግማሹ መኪና አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ «ሦስት፣ ዜሮ» ነው የሚባለው፣ አንድ በአንድ። ተቀባዩ ደግሞ መልሶ ያነብልሻል። ቢቸኩልም፣ ቢሳደብም፣ ተኩስ ቢሆንም ያነብልሻል። ሳያነብልሽ መልእክቱ ደርሷል ብለሽ አትመዝግቢ።

ሌላው ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው አለመናገር ነው። ትንሽ ቆይተሽ፣ ተንፍሰሽ ትጀምሪያለሽ። አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። «አትተኩሱ» ያልሽው «ተኩሱ» ሆኖ ይደርሳል። ይኼን ለማስፈራራት አይደለም የምነግርሽ፤ ሥልጠና ላይ አሥር ጊዜ ሲደጋግሙብሽ እንዳትሰለቺ ነው።

በሌላው ጫፍ ካለው ሰው ጋር ደግሞ ትላመጃለሽ። የጥሪ ስም ይቀያየራል፣ ፍሪኩዌንሲ ይቀያየራል፣ አተነፋፈሱ ግን አይቀየርም። ከብርጌዱ በኩል አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አላውቅም፣ ፊቱን አላየሁም። ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ አፍንጫውን ይስባል፣ ከዚያ በጎጃም ለዛ «እንደምን አደርክ» ሊል ይከጅልና ይተወዋል። ሰላምታ ክልክል ነዋ። አንድ ቀን ጠዋት በዚያው የጥሪ ስም ሌላ ድምፅ መለሰልኝ። «የቀድሞውስ?» ተብሎ በሬዲዮ አይጠየቅም። ጠላት ይሰማል። መልእክቴን ሰጠሁ፣ ተቀበለኝ፣ ቀጠልን። እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አላውቅም። ተዛውሮ ይሆናል፤ ያን እመኛለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው ብዬ አልልሽም። የሚከብደው ቀድሞ ማወቅ ነው። የመጣው ትእዛዝ ማፈግፈግ ይሁን ማጥቃት፣ እርዳታ ይምጣ አይምጣ፣ ከአዛዡ በፊት አንቺ ነሽ የምትሰሚው። ወረቀቱን ትሰጫለሽ፣ ምሽግ ውስጥ ያሉ ጓደኞችሽ ፊትሽን ያዩታል። ሻይ ያቀርቡልሽና «ምን ተባለ?» ይሉሻል። ምንም አትዪም። አብሮሽ ከሚበላ፣ አብሮሽ ከሚተኛ ሰው መደበቅ ቀላል አይደለም። ይኼን መቻል አለመቻልሽን እስቲ ራስሽን ጠይቂ። ወሬ የሚያመልጣት ከሆንሽ ሌላ ክፍል ምረጪ። እውነቴን ነው።

ምስጢር መጠበቅ ቀልድ እንዳልሆነ ታሪካችንም ይነግርሻል። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጃንሆይ ከውጊያው በፊት ለእቴጌ መነን በሬዲዮ ያስተላለፉትን መልእክት ጣሊያኖች ጠልፈው አንብበውታል። ጦሩ መጋቢት 22 ሲያጠቃ ጠላት ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው።

ጉልበቱንም አትርሺ። ሬዲዮው ብቻ አይደለም፣ ትርፍ ባትሪ አለ። ትላልቆቹ ሾርት ዌቭ (በአጭር ሞገድ ሩቅ የሚደርሱት) ሬዲዮዎች ደግሞ በእጅ በሚዞር ጄኔሬተር ይሠሩ ነበር። አንድ ወታደር መዘውሩን ያዞራል። ስትሰሚ ቀላል ነው። ቁልፉን ስትጫኚ ግን መዘውሩ በድንገት ይከብደዋል፣ አንቺ ባወራሽ ቁጥር እሱ ያልበዋል። አጭር መናገርን ያስተማረኝ ከመጽሐፉ ይልቅ የዚያ ልጅ ትንፋሽ ነው።

አራት ኪሎ ፊዚክስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ማታ ማታ ስለሚገባው ጣቢያ ያነሱትን እኔ ልጨምርበት፣ ጠያቂዋ ኤሌክትሮኒክስ ስለተማረች ይጠቅማታል።

ሾርት ዌቭ የሚሄደው ሰማይ ላይ ካለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ ከተሞላው የላይኛው አየር) እየነጠረ ነው። አዮኖስፌርን የሚሠራው ፀሐይ ነው። ቀን ላይ የታችኛው ንብርብር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ይውጣቸዋል፣ ስለዚህ ከፍ ታደርጊያለሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ይጠፋል፤ የላይኛውም ስለሚሳሳ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ሳይመለስ ወደ ጠፈር ያልፋል። ያኔ ዝቅ ማድረግ ነው። የሩቆቹ ጣቢያዎች ማታ የሚጎሉትም የሚውጣቸው ንብርብር ስለሌለ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ከፀሐይ ግባት በኋላ አዮኖስፌሩ የሚበጣጠስበት ጊዜ አለ፣ ድምፅም ይንቀጠቀጣል። እዚሁ አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1957–58 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የኖረው አካባቢያችን ለዚህ ጥናት የተለየ ስለሆነም ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ሲያስቸግርሽ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

የኦፕሬተር ልጅ፣ ካዛንቺስ

አባቴ ኦፕሬተር ነበር። ስልክ ሲያነሳ «ሃሎ» አይልም ነበር። ዝም ብሎ ይሰማል፣ ደዋዩ ግራ ይገባዋል። ቀኝ ጆሮው ቀስ በቀስ ሄደ። ሌሊት «ይጮህብኛል» እያለ ይነሳ ነበር። ለሕክምና ድጋፍ ሲጠይቅ «ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ» ተባለ። ከየት ያምጣ? ሲገባ ጆሮውን የለካው ሰው አልነበረም።

እህቴ፣ ከመግባትሽ በፊት ጆሮሽን ተመርመሪ። ውጤቱን ኮፒ አድርገሽ እናትሽ ጋ አስቀምጪ። እኛ ያ ወረቀት ቢኖረን ብዙ ነገር በቀለለልን ነበር።

የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የጎጃሙ ልጅ ጋ ስደርስ አለቀሰች። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ሴት መሆኔ ይከብደኛል? አሁን ሁሉም ዲጂታል ሆኗል ሲባል እሰማለሁ፤ ያ የድሮው ሙያ ይጠቅመኛል?

የድሮው ኦፕሬተር

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

በእኔ ጊዜም በመገናኛ ሴቶች ነበሩ። ቀጭን ድምፅ በጩኸት ውስጥ ጥርት ብሎ ይወጣል የሚሉ አዛዦችም ነበሩ። ሸክሙ ከባድ ነው፣ ግን ለወንዱም ከባድ ነው።

ስለ ዲጂታሉ፦ ዛሬ ፍሪኩዌንሲውን በራሱ እየዘለለ የሚቀያይር፣ ንግግሩን የሚመሰጥር ሬዲዮ አለ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ተራራው አልተቀየረም። ጀርባ ላይ የሚያዘው ቪኤችኤፍ (ከሾርት ዌቭ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው ሬዲዮ) ሞገዱ በቀጥታ ስለሚሄድ ተራራ ይከለክለዋል። ያኔ ሾርት ዌቭ ይዘሽ ሽቦ ትዘረጊያለሽ። ለ7 ሜጋኸርዝ በየጎኑ 10 ሜትር ያህል ሽቦ በቂ ነው። ከፍ ያለ ምሰሶ አትፈልጊ። ዝቅ አድርገሽ ከሁለት ዛፍ ላይ ብታስሪው ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ተራራውን ተሻግሮ ይወርዳል። ይኼን የምታውቅ ልጅ፣ ማሽኑ ምንም ዓይነት ቢሆን ሥራ አትፈታም። ስትወጪም ሙያው ከነእጅሽ ይወጣል፤ እኔ ቤት የሚመጣውን ዕቃ የምጠግነው እዚያ በተማርኩት ነው።

ለጊዜው ሾርት ዌቭ ያለው አሮጌ ሬዲዮ ፈልጊ። መርካቶ አይጠፋም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በደንብ የማይሰማ ጣቢያ ላይ አድርጊውና የሚነገረውን ቁጥርና የአገር ስም ብቻ ጻፊ። ድምፁን አትጨምሪ፣ ዝቅ ባለው ልመጂ፤ ለጆሮሽም ይበጃል። የጻፍሽውን እዚህ አምጪውና አብረን እናየዋለን።