የተከማቸውን ጨርቅ ሳንጠቀም ሌላ መግዛቱን እንዴት እናቁም?

ጠያቂ፦ ሰፊዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የስፌት ወዳጆች። የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን ኩዊልት መስፋት የተማርኩት እዚሁ አገር፣ በአካባቢዬ ካለ የሰፊዎች ማኅበር ነው። ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ኩዊልት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ፊት፣ በመካከሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥሩም ገበር ያለው፣ ሦስቱም በስፌት አንድ ላይ የተያያዙ የአልጋ ልብስ ነው።

የምጠይቃችሁ ስለ ጨርቁ ክምችት ነው። የድሮዎቹ ሰፊዎች ከቤት የተረፈውን ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ ግን ጨርቁ ራሱ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ይመረታል፣ በጥሩ ሱቅም አንዱ ያርድ ከ12 እስከ 14 ዶላር ይሸጣል። አምራቾቹ በየወቅቱ አዲስ የቀለም ስብስብ ያወጣሉ፤ ከስብስቡ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ቆርጠው፣ ጠቅልለውና በጥብጣብ አስረው ያቀርቡታል። ፋት ኳርተር የሚባለውን 18 በ22 ኢንች የሆነ ቁራጭ በተለይ ዋጋው ትንሽ ስለሚመስል እጅ ሳይታወቀው ያነሣዋል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 ጆአን የተባለው ትልቅ የጨርቅ ነጋዴ ወደ 800 የሚጠጉ መደብሮቹን በሙሉ ሲዘጋ፣ በማጣሪያ ሽያጩ ወቅት ከማኅበራችን አባላት ባዶ እጇን የተመለሰች አልነበረችም። የእንግዳ መኝታ ክፍላችን ቁም ሣጥን ሞልቶ፣ ተራፊው አሁን አልጋው ሥር ገብቷል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨርቅ አንገዛም» ብለው እንደ ጾም ይይዙታል፤ ፋሲካው ሲደርስ ግን የጾሙትን ሁሉ በአንድ ቀን ሲያካክሱት አይቻለሁ። ይህ ዓይነቱ ገደብ ካልጸና የሚጸናው የትኛው ነው? ትልልቅ አበባ ያለባቸውና እርስ በርሳቸው የማይስማሙት ጨርቆችስ ምን ቢደረጉ ይሻላል? በተጨማሪም እናቴ ከሀገር ቤት የላከችልኝ የሀበሻ ቀሚስ ትራፊና ያረጁ ነጠላዎች አሉኝ፤ ከፋብሪካ ጥጥ ጋር አብረው ቢሰፉ ይስማሙ እንደሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ባለመርፌዋ፣ ሚኒያፖሊስ

እኅቴ፣ ክምችቱን ለመቀነስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ትንንሾቹ ቁርጥራጮች ነው። በቀለም ይለያቸዋል፣ በልክ ይቆርጣቸዋል፣ በየሣጥኑ ይደረድራቸዋል፤ በዚህ ሳምንታት ያልፋሉ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ጨርቅ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ቦታውን የያዘው ቁርጥራጩ ሳይሆን ገና ያልተነካው ሦስትና አራት ያርድ ነው። ስለዚህ ከፊቱ በፊት ስለ ገበሩ እንዲያስቡ እመክርዎታለሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 60 በ80 ኢንች የሆነ ኩዊልት ቢሰፉ፣ ገበሩ በየጎኑ አራት አራት ኢንች መትረፍ ስላለበት 68 በ88 ኢንች መሆን ይኖርበታል። የተለመደው የኩዊልት ጥጥ ዳርና ዳሩ ተቆርጦ የሚቀረው ወርዱ 42 ኢንች ያህል ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 88 ኢንች የሆኑ ሁለት ቁመቶች ጎን ለጎን መጋጠም አለባቸው፤ ይህም ወደ አምስት ያርድ ይጠጋል። ጠርዙን ለመጠቅለል ግማሽ ያርድ ይጨመርበታል። ብዙዎቻችን ግን ፊቱን ከክምችታችን ሰፍተን ከጨረስን በኋላ ለገበሩ ወደ ሱቅ ሄደን 108 ኢንች ወርድ ያለውን ሰፊ ጨርቅ እናስቆርጣለን፤ በስፋት ሲለካ ከቤት የወጣውና ወደ ቤት የገባው ጨርቅ ያን ጊዜ እኩል ለእኩል ይሆናል። አንድ ኩዊልት ጨርሰንም መደርደሪያው ለምን እንዳልጎደለ እንገረማለን።

እኔ የምጠብቀው ደንብ «ገበር አልገዛም» የሚል ብቻ ነው። ጨርቅ መግዛትን በጠቅላላው ስለማይከለክል አያስጨንቅም፣ ከክምችቱም የሚያወጣው ብዙውን ነው። ያልሆነልዎት ትልቁ አበባ ደግሞ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ቢቆራርጡት ሥዕሉ ይበላሻል፣ ከኋላ በኩል ግን ሙሉ ሆኖ ይታያል። አንዱ ካልበቃ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይቀጥሏቸው፤ የኩዊልት ጀርባ ከፊቱ ጋር እንዲስማማ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ለፊቱ ለመቁረጥ ከጨከኑ ልኩን አስበው ይምረጡ። ስፌታችን በየጎኑ ሩብ ኢንች ስለሚወስድ 2.5 ኢንች ተደርጎ የተቆረጠ ካሬ ከተሰፋ በኋላ 2 ኢንች ይሆናል፤ ከጨርቁ 36 በመቶው ስፌት ውስጥ ገብቶ ቀረ ማለት ነው። 5 ኢንች ሆኖ የተቆረጠው ግን የሚያጣው 19 በመቶ ብቻ ነው። ጨርቅ መጨረስ ብቻ ከሆነ ዓላማዎ ትንሹ ካሬ ብዙ ይበላል፤ ይሁን እንጂ የሚወስደው ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚያሰለች፣ ተጀምሮ የቀረ ሥራ ራሱ ሌላ ክምችት ይሆናል።

መልስ፦ ልብስ ሰፊው፣ አዲስ አበባ

ኩዊልት ሰፍቼ አላውቅም፤ በስፌት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ግን ስለ ሸማው የማውቀውን ልንገርዎት።

የእጅ ሸማ ከፋብሪካ ጥጥ ጋር ሲሰፋ የሚያስቸግረው ሽመናው ልል ስለሆነ ነው። በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእጅ የተፈተለ ነው፤ ሁለቱ ውኃ ሲነካቸው እኩል አይሰበሰቡም። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ለብ ባለ ውኃ አጥበው፣ አስጥተው፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ይተኩሱት። ቀጥሎ በካውያ ሙቀት የሚጣበቀውን ስስ ገበር ከጀርባው ያጣብቁና ከዚያ በኋላ ይቁረጡ፤ ይህ ካልተደረገ የተቆረጠው ጠርዝ ከእጅዎ ላይ እየተተረተረ ሩብ ኢንች የተባለው ስፌት ጨርቁን ይስታል። እኔ ብሆን ለሸማው ግማሽ ኢንች እተውለታለሁ።

ጥበቡ ያለበትን ክፍል ለብቻው ያስቀምጡት። የጥበቡ ክር ሰው ሠራሽ ከሆነ የጋለ ካውያ ያኮማትረዋል፤ ከላዩ አቡጀዴ ጣል አድርገው በመጠነኛ ሙቀት ይተኩሱት። ያረጀ ነጠላ ደግሞ መጀመሪያ የሚሳሳው ትከሻ ላይ የሚያርፈው መካከሉ ስለሆነ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ ብርሃኑ በግልጽ የሚያልፍበትን ቦታ ትተው ከዳርና ከዳር ይጠቀሙ። ያረጀ ጋቢ ካለዎት ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ከመካከል በሚገባው ጥጥ ፋንታ ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ይከብዳል፣ ሲታጠብም ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ለክረምት ግን ጥሩ ነው።

ስለ መግዛቱ የምለው ጥቂት ነው። እኛ ዘንድ ደንበኛው ታውቆ ልኩ ሳይወሰድ ጣቃ አይገዛም፤ ገንዘቡ ጨርቅ ውስጥ ታስሮ ይቀራልና። ለራስ ሲሰፋ ይህን መጠበቅ ይከብድ ይሆናል፤ ቢሆንም ኩዊልቱ ለማን እንደሚሰጥና መጠኑ ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ወደ ሱቅ አለመሄድ የሚቻል ይመስለኛል።

መልስ፦ እትዬ ከአትላንታ

ልጄ፣ የሚኒያፖሊሷ እኅታችን ሒሳብ ትክክል ነው፤ «ገበር አልገዛም» የሚለው ደንብ ግን ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ቁም ሣጥንሽን ከፍተሽ ብታዪው፣ በጨርቅ ተሞልቶ ሳለ ኩዊልት የማይወጣው ለምን እንደሆነ ይገባሻል። ሁላችንም ሱቅ ስንገባ የሚማርከን ደማቁና አበባማው ነው፤ ነጣ ያለውን፣ ግራጫውን፣ አንድ ቀለም ብቻ የሆነውን ማንም ለውበቱ ብሎ አይገዛውም። ውጤቱም ሁሉም እኔን እዩኝ የሚል ክምችት ነው፤ አንዱ ካንዱ ጋር ሲቀመጥ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። «ይህ ጨርቅ አይስማማም» ከምትይው ውስጥ አብዛኛው በመካከሉ ፀጥ ያለ ጨርቅ ቢገባበት ይስማማል። ስለዚህ መግዛትን ፈጽመሽ አትከልክዪ፤ ፊቱን ወለል ላይ ዘርግተሽ የጎደለውን ካየሽ በኋላ ያንኑ የጎደለውን አንድ ቀለም ጨርቅ በልኩ ግዢ። አበባማ የሆነውን ግን ያለሽ እስኪያልቅ አትንኪው።

የቀለም ብዛትም ሀብት እንዳይመስልሽ። እኔ ካለሁበት ከጆርጂያ አጠገብ፣ በአላባማ ወንዝ ጥምዝ ላይ ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለች። ሴቶቹ ከአረጀ የሥራ ሱሪና ካገኙት ጨርቅ የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አትሟቸዋል። በአካባቢው በ1966 የተቋቋመው የሰፊ ሴቶች ኅብረት በ1970ዎቹ ለሲርስ መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ ይሰፋ ስለነበር፣ ከዚያ ሥራ የተረፈው ቁራጭ ወደየቤቱ ገባ። ጥቂት ቀለም ብቻ ነበር፤ ወርቃማ፣ አቮካዶ የመሰለ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ። ጨርቁ ወፍራም ስለነበር በትንሹ መቁረጥ ያስቸግራል፤ ስለዚህ በትልልቁ ቆርጠው በነዚያው ቀለሞች ብቻ ሰፉ፤ እነዚያ የኮርዶሮይ ኩዊልቶች ዛሬም ከሩቅ ሲታዩ ዓይን የሚይዙ ናቸው። አንቺም ካለሽ ክምር ሦስት ቀለም ብቻ መርጠሽ፣ የቀረውን በር ዘግተሽበት አንድ ሥራ ብትጨርሺ ምን ያህል እንደሚቀልልሽ ታዪዋለሽ።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ለዓመታት የተቀመጠውን ጨርቅ ከመስፋትሽ በፊት ዳሩን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ጠንከር አድርገሽ ሳቢው፤ በቀላሉ ከተቀደደ ለኩዊልት አይሆንም። ታጥፎ የኖረበት መስመር ላይ ፀሐይ አደብዝዞት እንደሆነ፣ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት መደርደሪያ የነካው ጎኑም ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ተመልከቺ። ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ለየብቻ እጠቢ፤ ነጭ ሸማሽ አጠገብ ቀለሙን ቢለቅ ሐዘን ነው።

መልስ፦ ክረ ቀጭን፣ ቨርጂኒያ

ባጭሩ ልጨምር። ሁሉንም ጨርቅ ራስዎ ሰፍተው የመጨረስ ግዴታ የለብዎትም። ደስ የማይልዎትን ጨርቅ ገንዘብ ስለወጣበት ብቻ ለመስፋት መቀመጥ ሥራውን ያስጠላል። በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ትርፍ ጨርቅ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አለ፤ ችግሩ እዚያ አስቀምጦ ሌላ ይዞ መመለሱ ነው፣ እሱን ይጠንቀቁ። ሰፍተው መስጠት ከመረጡም ፕሮጀክት ላይነስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ ለታመሙና ለተቸገሩ ሕፃናት ያከፋፍላል። የሕፃን ኩዊልት ትንሽ ስለሆነ ገበሩ ከአንድ ወርድ ጨርቅ ብዙ አያልፍም፤ ያ አንድ ያርድ ተኩል የሆነውና ለምንም የማይበቃው ጨርቅ ለዚህ ይሆናል።

ጠያቂ፦ ሰፊዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የገበሩን ሒሳብ ካነበብኩ በኋላ አልጋው ሥር ያለውን አውጥቼ ስለካው፣ ከሁለት ያርድ በላይ የሆነው ጨርቅ በሙሉ ማለት ይቻላል አበባማው ነው፤ ስለዚህ ያለቁትን ሁለት ፊቶች በእርሱ ገበር አስገባላቸዋለሁ። እትዬ ያሉትንም ተቀብዬ፣ አንድ ቀለም ከሆነው በስተቀር ላለመግዛት ወስኛለሁ። ሸማውን በተመለከተ ጋቢ የለኝም፣ ነጠላዎቹን ግን ወንድማችን እንዳሉት ወደ ብርሃን አንሥቼ አይቻቸዋለሁ፤ ዳርና ዳራቸው ደህና ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ገበሩን ከሦስት የተለያየ ጨርቅ ስቀጥለው ስፌቱ እንዳይኮማተርና በኋላም እንዳይላላ ምን ላድርግ? ኩዊልቱን ሦስቱን ድርብ አያይዞ ለሚሰፋልኝ ባለ ትልቅ መኪና ስለምሰጠው እንዳላሳፍር ብዬ ነው።

መልስ፦ ባለመርፌዋ፣ ሚኒያፖሊስ

ከመቀጠልዎ በፊት የአምራቹ ስም የታተመበትን የጨርቁን ጠባብ ዳር ከሁለቱም ወገን ቆርጠው ይጣሉት፤ ሽመናው ከቀረው ይልቅ ጥብቅ ስለሆነ ስፌቱን የሚያኮማትረው እርሱ ነው። ቅጥያውን በሩብ ሳይሆን በግማሽ ኢንች ይስፉትና በካውያ ወደ ሁለት ወገን ከፍተው ይተኩሱት፤ እንዲህ ሲሆን ወፍራም መስመር አይፈጥርም፣ የመኪናው መርፌም አይሰናከልም። ስፌቱ ልክ በኩዊልቱ መካከል እንዳያርፍ ወደ አንድ ጎን ያዛውሩት፤ ኩዊልት ሁልጊዜ መካከሉ ላይ ስለሚታጠፍ እዚያ ያለ ስፌት ቶሎ ያልቃል። ከሦስቱ ጨርቆች አንዱ ታጥቦ ከሆነ ሌሎቹንም ይጠቡ፤ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ተሰብስቦ ሌላው ያባጣል። ነጠላውን ግን ለገበሩ አያድርጉት፤ ትልቁ መኪና ገበሩን ወጥሮ ስለሚይዘው ልሉ ሽመና ይሳባል፤ ለፊቱ ይሁን።