«አልተከለከለም» ተብሎ ስለሚሸጥ ዱቄት

የሳቢያኗ እህት (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ለድብርት የታዘዘለትን ፍሉኦክሰቲን እየወሰደ ነው። ትናንት «ለምርምር ብቻ» የሚል የተጻፈበት ነጭ ዱቄት በመሳቢያው ውስጥ አገኘሁ። ስጠይቀው ስሙ ኤ.ኤም.ቲ. እንደሆነ፣ ጓደኛው ከውጭ አገር በኢንተርኔት እንዳስመጣው፣ በሕግ እንዳልተከለከለና ከጫት እንደማይብስ ነገረኝ። እውነት ነው? ከመድኃኒቱ ጋርስ ይጋጫል?

ፋርማሲስት (ሐረር)፦
እህቴ፣ አስቸኳዩ እሱ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አዎ፣ በብርቱ ይጋጫል። አልፋ-ሜቲል-ትሪፕታሚን (የኤ.ኤም.ቲ. ሙሉ ስሙ ነው) በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲለቀቅ ከማድረጉም በላይ ሴሮቶኒንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ የተለቀቀው ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችለው የሴሮቶኒን መብዛት ይከተላል። ፍሉኦክሰቲን ከቆመም በኋላ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ «ዛሬ ክኒኑን አልዋጥኩም» ማለት አያድነውም፤ ያለ ሐኪሙም ፈቃድ እንዳያቋርጥ።

«አልተከለከለም» የሚለው ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። አእምሮን የሚቀይሩ ዕፆችን የሚቆጣጠረው የ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ዲ.ኤም.ቲ.ንና ሲሎሲንን የመሳሰሉትን ቅዠት አምጪ ዕፆች በስም ይዘረዝራል፤ አምራቾቹ ግን ሞለኪውሉን በጥቂቱ ለውጠው ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ አዲስ ነገር ይሸጣሉ። ይህኛውማ አዲስ እንኳ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ኢንዶፓን በሚል ስም ለድብርት ይታዘዝ ነበር። አሜሪካ በ2003፣ ብሪታንያ በ2015 ከልክለውታል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ (ድሬዳዋ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዱቄት ስሜቱ እስኪጀምር ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ይደግሙታል፤ አደጋው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ትኩሳት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር ወይም መቃዠት ካዩበት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ማሸጊያውንም ይያዙ። እባክዎ አይቆጡት፤ የተቆጡት ልጅ የወሰደውን ይደብቃል፣ እኛም በጭፍን እናክማለን።

የአወዳይ ልጅ፦
ከጫት ጋር ማነጻጸሩ አሳዝኖኛል። ካቲኖን የተባለው የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚደክም ነው አወዳይ የጫት ገበያ ላይ ያ ሁሉ ጥድፊያ የሚታየው፤ ቃሚውም በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያገኘዋል። ዱቄት ግን በሚሊግራም ይለካል፤ በዓይን የገመተ ሰው ምን ያህል እንደወሰደ አያውቅም፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም የውስጡ ስለመሆኑም ማንም ዋስ የለውም። ለድብርት ታማሚ ደግሞ ጫቱም ቢሆን አይመከርም።

የሳቢያኗ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን እንዳልቀመሰው ነግሮኛል፤ ነገ ጠዋት ዱቄቱን ከነማሸጊያው ይዘን ወደ ሐኪሙ አብረን እንሄዳለን።