ጥቆማ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የዕዳና የኪሳራ ጉዳይ ለማን ይሰጣል?

የሳቢያን እህት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ታይዋን ገበያ ልብስ ይነግዳል። የባንክ ብድሩን መክፈያ ጊዜ አልፎበታል፤ ዕቃ በዱቤ የሰጡት ነጋዴዎችም እየመጡ ይጨቃጨቁታል። ፍርድ ቤት ቀርቦ መክሰሩ ይታወጅለት እንደሆነ እየጠየቅን ነው። ጠበቃ እናቁም ወይስ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትን ዩኒቨርሲቲዎች እንሞክር? የሞከራችሁ ጠቁሙን።

ከዚራ፦ የእኔን ጠበቃ ያዙ። የአባቴን ውርስ እንዴት አድርጎ እንደጨረሰልኝ! ሌላ ቦታ አትድከሚ።

የመጋላ ልጅ፦ ውርስ ያካፈለ ሁሉ ዕዳም ያወርዳል ማለት ነው? ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ፣ አንተ የምትመልሰው ሌላ።

ለገሀር፦ ስለ ጠበቃ ባታነሱብኝ ይሻል ነበር። አንዱ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ። የቀጠሮዬን ወረቀት ይዤ ችሎት በር ላይ ቆሜ ስሜ ሲጠራ እርሱ የለም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። መዝገቡ ተዘጋ፣ ገንዘቤም በዚያው ቀረ። ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አሸዋ፦ ለገሀር፣ ደረሰኝ ነበረህ? የጽሑፍ ውልስ?

ለገሀር፦ ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። በሰው በሰው ነው የተገናኘነው።

ደቻቱ፦ የእኔም ጎረቤት እንዲሁ ሆኗል። ፈቃዱን ሳያዩ ገንዘብ መስጠት ይቅር።

አሸዋ፦ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ከሆነ አቤቱታው ለፍትሕ ሚኒስቴር ይቀርባል። ዝም አትበል ወንድሜ።

ቀፊራ፦ ማመልከቻ ጥሩ አድርጎ የሚጽፍስ ማን አለ? እኔ የምፈልገው እርሱን ነው።

ከዚራ፦ የእኔ ጠበቃ ቢሮ ማመልከቻም ይጽፋሉ።

ሕግ ያጠናሁ፦ ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። ኪሳራ የሚታወጀው ለነጋዴ ነው፤ ደመወዝተኛ በዕዳ ስለተጨነቀ ብቻ ይህን በር አያገኝም። ወንድምሽ ነጋዴ ስለሆነ ጉዳዩ የሚታየው በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። ይህ ሕግ ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበትን፣ ማለትም አከፋፈሉን እንደ አዲስ የሚስማማበትን መንገድም ከፍቷል፤ መጀመሪያ እርሱን ጠይቁ። ቼክ ሰጥቶ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ በቂ ስንቅ (በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ) የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ሚስት ካለችው ደግሞ ለትዳር ጥቅም የገባው ዕዳ የጋራ ዕዳ ይሆናል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ድሬዳዋ ላይም ይሠራል።

ደቻቱ፦ አልጋና ድስት ሳይቀር ይወስዳሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

ሕግ ያጠናሁ፦ አይደለም። ባለዕዳው የሚለብሰው ልብስ፣ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና የሙያ መሣሪያ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ከመያዝ የተጠበቁ ናቸው።

የሳቢያን እህት፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ የንግድ ፈቃዱ በእርሱ ስም ነው፣ ለባንኩ በመያዣ የተሰጠው ቤት ግን የእናታችን ነው።

ሕግ ያጠናሁ፦ ዋናው ነገር ይኸው ነው እህቴ! የእርሱ መክሰር መታወጁ ብቻውን የእናታችሁን ቤት ከሐራጅ አያድነውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ጠበቃ ከመምረጣችሁ በፊት ባንኩ ዘንድ ሂዱ፤ መክፈያው እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ፣ የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷችሁ ከሆነ ቀኑን ተመልከቱ። ነጻ የሕግ ድጋፍ ለምክርና ለማመልከቻ ይበቃል፤ ክርክር ሲከፈት ግን የንግድ ጉዳይ የለመደ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

ለገሀር፦ ቅድሚያ ክፍያ ግን እንዳትሰጪ!

የመጋላ ልጅ፦ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚሠራ ጠበቃ ካወቅህ አንተው ጠቁም እንግዲህ።

ቀፊራ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም።

ከዚራ፦ እህቴ፣ የጠበቃዬን ስልክ በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ።